የጠመንጃው ቀለብ

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፥ አዳማ በነፋስ ታጥራ፥
የሆቴሉ መጋረጃ እንደ መኪና ሸራ ሲያጓራ፥
ከኮረብታው ነጫጭ ክንፎች ቀስ እያሉ ሲዞሩ፥
ስድስት ጠመንጃ ተሸክመን ደረስን እኛም ከበሩ።

ያለፈው ሳምንት እንግዶች ስለ ወባ ተሰብስበው
ትንኟን ከነሥዕሏ ግድግዳው ላይ ሄደዋል ረስተው።
በሷ ሥር፥ በነጭ ጨርቅ፥ በታሸገ ውሃ መሐል
አጋደምናቸው በተራ፤ የሁሉም አፍ ግድግዳ ያያል።

እኔ የግምጃ ቤት ሰው ነኝ፤ ሃያ ሰባት ዓመት ዘይት ሸትቻለሁ፥
የጠመንጃን ሕመም ከሳሉ፥ ጣቴ ሳይነካው አውቃለሁ።
ዛሬ ግን የተጠራሁት ለእውቀቴ አይደለም፥ ለጉልበቴ፤
ሳጥን የሚያወጣ ጠፍቶ ነው ሦስተኛ ፎቅ፥ በሞቴ።

ኮሎኔል ደምለው መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ፥
ክብደት፥ ርዝመት፥ ዋጋ፥ የዋስትና ዘመን እያለ ነጎደ።
አንደኛው ቀላል ነው፥ አቧራ ግን አይወድም፤
ሁለተኛው አቧራ ይወዳል፥ ዒላማ ግን አይወድም፤
ሦስተኛው ሁሉን ይችላል፥ ዋጋው ግን አይቀመስም፤
አራትና አምስት መንታ ናቸው፥ በቀለም እንጂ አይለዩም፤
ስድስተኛው የኛው አሮጌ ነው፥ ለማነጻጸሪያ የመጣ፥
ሰደፉ ላይ ስም አለበት፥ በሚስማር ተጭሮ የወጣ፦
«ጉተማ»።
ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔም አልተናገርኩም።

የአቅራቢው ወኪል ተነሣ፥ ሽቶው ቀድሞት፥
ሦስተኛውን አመሰገነ፥ አፈሙዙን በጣቱ ዳሶት።
እንዲህ ያለውን ሰው በቅሎ ገበያ ብትወስደው
ጥርሷን ትቶ በኮርቻዋ ነው ዋጋ የሚቆርጠው።

«በዚህ ዋጋ አርባ ሺህ፤ በዚያ ዋጋ ሠላሳ፤» አሉ፥
«ግማሹ በብድር፥ ቀሪው በሁለት ዓመት...» እየተባባሉ፥
የበጀቷ ትብለጥ እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ መዘዘችና
«ስንት ይበላል?» አለች፥ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ ገና።

ሣቁ። «ወይዘሮ ትብለጥ፥ ጠመንጃ እህል አይበላም!»
እሷ አልሣቀችም። «ሳይበላ የሚያድር አገልጋይ እኔ መዝገብ ላይ የለም።
ጥይቱን ነው የምለው፤ ሞላውን፥ ዘይቱን፥ መለዋወጫውን።
አንድ ምልምል በዓመት ስንት ይተኩሳል? ንገሩኝ ልኩን።»
ወረቀት ተገለበጠ። ኮሎኔሉ ጉሮሮውን ጠረገ።
«አሥራ አምስት።»
«በቀን?»
«በዓመት።»
ከዚያ በኋላ ያንጎራጎረው የአየር ማቀዝቀዣው ብቻ ነው።
«የኔ ልጅ፥» አለች ቀስ ብላ፥ «ክራር ሲማር
አሥራ አምስቴ ነክቶ ቢተወው፥ ጎረቤት ያመሰግነን ነበር።»

ለፎቶ አንድ ወታደር ይያዝ ተባለ፤ ሴት ብትሆን ይመረጣል፤
አስር አለቃ ብርቂቱ ከበር ተጠራች፤ ቁመቷ ከኔ ትከሻ ያጥራል።
ሦስተኛውን አነሣች፤ ሰደፉን ግራ ትከሻዋ ላይ አሳረፈች፥
አንድ ዓይኗን ጨፍና፥ የግድግዳዋን ትንኝ አነጣጥራ ቆየች።
«በቀኝ ያዢው» አለ ባለካሜራው።
«ግራኝ ነኝ።
ይሄ ቢተኮስ ቀለሁ ፊቴ ላይ ነው የሚያርፈው፥ ከነትኩሱ።»
ኮሎኔሉ ብዕሩን አነሣ። «ግራኞች ስንት ናችሁ?»
«አልተቆጠርንም፥ ክቡር ኮሎኔል።»

ብዕሩ ወረደ። ሻይ ዕረፍት ሆነ። ከዕረፍት መልስ ተወሰነ፦
ጉዳዩ በጥልቀት እንዲታይ ሐዋሳ ላይ ቀጠሮ ሆነ፤
አበል እንደተለመደው።

ስድስቱንም መልሼ አወረድኩ፤ ደረጃው አልቀነሰም።
ከሆቴሉ ፊት ለፊት አንድ ባለጋሪ ፈረሱን አቁሞ
ከወንበሩ ሥር ያሰረውን ሣር ያበላዋል ቆሞ።
ፈረሱ ከሲታ ነው፤ ሣሩ ግን ከሱ ይበልጣል መሰለኝ።

ፒካፑ ተነሣ። አቧራው በሸራው ቀዳዳ ገባ።
የጉተማን ሰደፍ በክንዴ ሸፈንኩ፥ ለምን እንደሆነ አላውቅም።
ብርቂቱ ከጎኔ ተቀምጣ ቀኝ ጉንጯን ታሻለች፤
ያልተተኮሰ ጥይት፥ ያልወደቀ ቀለህ
የቱ ጋ እንደሚያቃጥል ቀድማ ታውቃለች።